ካፓሊ ያሉኝ ቢሮውን መስሎኝ

የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ነው ያነበብኩት። ስኮላርሺፕ አግኝተህ መስከረም ላይ ኢስታንቡል ልትገባ ነው። «ከተማውን በእግሬ እየዞርኩ ሰፈር በሰፈር ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር? ብቻዬን መዞርስ ያሰጋል?» ብለሃል። ከኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች ጋላታ ግንብ ላይ ውጣ፣ ሱልጣን አህመድ ፎቶ ተነሳ ብለውሃል። እሱንማ ለሦስት ቀን የመጣ ቱሪስትም ያደርገዋል።

እኔ አምስት ዓመት ኖሬበታለሁ። አንዱ ዓመት የቋንቋ ነው፤ አንተም አይቀርልህም። አሁን ደሴ ተመልሻለሁ። እንደኔ ገንዘብህን ከስክሰህ እንዳትማር ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። አብሽር፣ ቡና ይዘህ አንብበው።

1ኛ፦ ጫማ። ለጉዞ ብለህ አዲስ ጫማ እንዳትገዛ። እግርህ የለመደውን ያዝ። የድሮዎቹ ሰፈሮች መንገድ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። አለቀ።

2ኛ፦ ካርታ ላይ ያየኸውን ርቀት አትመን። አሮጌው ከተማ ያለው ሰባት ኮረብታ ላይ ነው። ስልክህ «አሥር ደቂቃ» ይልሃል፤ አሥሩም ደቂቃ ዳገት መሆኑን የምታውቀው መሃል ላይ ነው። እኔ ጦሳ ተራራ ሥር ስላደግሁ ብዙም አልደነገጥኩም። አንተ ግን፣ አትቀየመኝና፣ ሜዳ ላይ ነው ያደግኸው። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እንጂ በእግርህ አልወጣኸውም።

ስለዚህ ሦስት ቃል ያዝልኝ። የመንገድ ስም ላይ «ዮኩሽ» የሚል ካየህ ዳገት ነው። «መርዲቨን» ደረጃ ነው። «ቺክማዝ» ደግሞ መውጫ የሌለው መንገድ። ይቺን ሦስተኛዋን ሳላውቅ ባላት የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ከሰዓት ሙሉ ስገባ ስወጣ ዋልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ እዚያው ግድግዳ ጋ ስደርስ አንዲት አሮጊት ከላይ በመስኮት ሳቁብኝ። እዚያ ሰፈር እናቶች ከፎቅ ቅርጫት በገመድ አውርደው ዳቦ ያስገዛሉ። እሳቸውም ቅርጫታቸውን እየሳቡ ነበር። ከየት ነሽ አሉኝ። ኢትዮጵያ አልኩ፤ አልገባቸውም። «ሐበሺስታን» ስላቸው ፊታቸው በራ። «ቢላል ሐበሺ!» ብለው ቅርጫቱን መልሰው አወረዱልኝ። ውስጡ የተቆረሰ ትኩስ ዳቦ። ወላሂ እንባዬ መጣ። ከቤት ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ወሬ ነበር። «ሐበሺስታን» የምትለዋን ቃል አትርሳት፤ የማይከፈት በር ታስከፍታለች።

3ኛ፦ ዋናው ይሄ ነው። እንዲያውም ሌላውን ሁሉ ዝለለውና ይሄን ብቻ አንብብ።

በእግር ስትዞር አንድ ሰፈር ልብህን ይወስደዋል። የኔን የወሰደው ባላት ነው። ከኤሚኖኑ ተነስተህ ሃሊች የሚሉትን የባሕር ሰርጥ በቀኝህ አድርገህ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለህ። መጀመሪያ ፌነር የሚባል ሰፈር ትደርሳለህ። ከዚያ ውሃው ዳር ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ቤተ ክርስቲያን አለ። የቡልጋሪያዎች ነው። ብረቱ ቪየና ተሠርቶ፣ በመርከብ መጥቶ፣ እዚያ ተገጣጥሞ እ.ኤ.አ. በ1898 ተመርቋል። ጠጋ ብለህ በጣትህ ካላንኳኳህ ድንጋይ ነው የሚመስልህ። ከዚያ ወደ ግራ ስትወጣ ባላት ነው። ቀለም የተቀቡ ጠባብ ቤቶች፣ ከመስኮት መስኮት የተዘረጋ የልብስ ገመድ፣ በየደረጃው ድመት። ጠዋት ጉም ሲኖር ደሴ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ከደከመህ ታች ባሕሩ ዳር ቲ5 የሚባለው ትራም አለልህ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ዶርም ሰለቸኝ። አንተም ይሰለችሃል። ማታ በር ይዘጋል፤ ከውሃው ማዶ ፀሐይ ስትጠልቅ አይተህ ሳትጠግብ ሩጫ ነው። ከሁለት ልጆች ጋር ሆነን ባላት ቤት መፈለግ ጀመርን። «ኪራሊክ» የሚል ወረቀት መስኮት ላይ ካየህ የሚከራይ ማለት ነው። ኪራ ኪራይ ነው፤ ፊንጃን ደግሞ የኛው ፍንጃል። እንዲህ ያሉ ቃላት ሳገኝ አገሩ የዘመድ አገር ይመስለኝና ልቤን እጥላለሁ። ልብ መጣል ነው ጉድ የሠራኝ።

ቤቱን አገኘን። ሰማያዊ በር፣ ሃያ ስድስት ደረጃ፣ ከኩሽናው መስኮት ውሃው ይታያል። የአንድ ወር ኪራይ፣ የአንድ ወር መያዣ፣ ለደላላው ሌላ የአንድ ወር። የሦስት ወር ገንዘብ በአንድ ቀን ወጣ። ደላላው አንድም ነገር አልነገረን። ሻይ ጋብዞን፣ «እህቶቼ» ብሎን፣ ቆጥሮ ተቀበለን።

አድራሻ ስትቀይር በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብህ። እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ፤ በአራተኛው ቀን ወረቀቴን ይዤ መመዝገቢያው ቢሮ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ሻይዋን እያማሰለች ወረቀቱን ገፋ አደረገችና «ካፓሊ» አለች። ካፓሊ ዝግ ማለት ነው። ቱርክኛ ተምሬያለሁ አይደል? ቢሮው ሊዘጋ ነው ማለቷ መሰለኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

በማግስቱ በጠዋት ሄድኩ። «ካፓሊ።» ሰው ገና እየገባ፣ ኮምፒውተሩ ክፍት! ሲስተሙ ነው የተዘጋው አልኩ ለራሴ። በሦስተኛው ቀን በር ሳይከፈት ደረስኩ፤ ከሰልፉ አንደኛ ነበርኩ። «ካፓሊ፣ ካፓሊ፣ ካፓሊ!» ጮኸችብኝ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቆሽቴ አረረ። እኔም በአማርኛ የሆነ ነገር ተናገርኩ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ያዳነኝ ዘበኛው ነው። ሽማግሌ ናቸው። ጥግ ወስደው ወረቀት አውጥተው ቤት ሳሉልኝ። «ቢሮ፣ አቺክ» አሉ፤ ክፍት ነው። ከዚያ ብዙ ትንንሽ ቤቶች ሳሉና ዙሪያውን ከበቡት። «ማሀሌ፣ ካፓሊ።» የተዘጋው ሰፈሩ ነው! የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለሁለት ዓመት እንደ ቤቴ በእግሬ የዞርኩበት ሰፈር ለኔ ዝግ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የውጭ ዜጋ ብዛቱ ከነዋሪው 20 በመቶ ያለፈበት ሰፈር አዲስ የውጭ ዜጋ አይመዘግብም። በአገሩ ሙሉ ከአንድ ሺህ በላይ ሰፈር ተዘግቷል። ፋቲህ የሚባለው ክፍለ ከተማ ደግሞ እንዳለ ተዘጋ፤ ባላትም ፌነርም ፋቲህ ውስጥ ናቸው። ኤሰንዩርትም እንደዚሁ። መዞር አልተከለከለም፤ ቡና መጠጣት አልተከለከለም። መመዝገብ ነው የማትችለው። ካልተመዘገብክ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድህ አደጋ ላይ ነው።

ደላላው ጋ ሄድን። ዐይኑን በጨው አጥቦ «እኔ ቤት ነው ያሳየኋችሁ፣ ወረቀት የናንተ ጉዳይ ነው» አለን። አከራዩ መያዣውን ከለከለን፤ ውሉን ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ አለ። ስንደውል ጆሮ ዳባ ልበስ። ከሦስቱ ወር ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልተመለሰም። የወንድሜን ሠርግ ልመጣ ያጠራቀምኩት ነበር። ሠርጉን በቪዲዮ አየሁት። ሲጨፍሩ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

እና ወንድማለም፣ ዙር፣ ውደድ፣ ግን ከመክፈልህ በፊት ሁለት ሰው ጠይቅ። አንደኛ ዩኒቨርሲቲህ ውስጥ የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚያየውን ክፍል። ሁለተኛ የሰፈሩን ሙህታር። ሙህታር እንደኛ የቀበሌ ሊቀመንበር በለው፤ በየሰፈሩ ትንሽዬ ቢሮ አለው። ዝርዝሩ ስለሚለዋወጥ ያምና ተማሪ የነገረህን አትመን። የኔንም አትመን፤ ሄደህ ጠይቅ።

4ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ከዚህ በኋላ ብዙም አይጠቅምም።

ከሃያው ቀን አምስት ሲቀረኝ ኡስኩዳር ክፍል አገኘሁ፤ በእስያው በኩል። መጀመሪያ አኩርፌ ነበር። ከዚያ አንድ እሑድ የባሕሩን ዳር ይዤ ወደ ሰሜን ግማሽ ሰዓት ያህል ስሄድ ኩዝጉንጁክ ደረስኩ። የአርመን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን ተጠግተው ቆመዋል። እዚያው ሰፈር ውስጥ የግሪክ ቤተ ክርስቲያንና የአይሁድ ምኩራብ አሉ። ቱርኮቹ ጓደኞቼ እንደ ተአምር ነው የሚያሳዩህ። እኔ ሳቄ መጣ። የኛ ቤት እኮ እናቴ ሙስሊም፣ አያቴ ክርስቲያን፣ ፋሲካውም ዒዱም አንድ ሳሎን ውስጥ ነው ያለፈው። ወሎዬ መሆኔን ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። የመጣ ሐበሻ ሁሉ እዚያ ነበር የምወስደው።

ብቻዬን ብዞር ላልከው፦ እኔ ሴት ሆኜ ብቻዬን ዞሬያለሁ። ቀን ቀን አብዛኛው ሰፈር ምንም አይልህም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ስታልፍ «ኮላይ ገልሲን» በል፤ እንደኛው «ያበርታህ» ነው። ያኮረፈው ሁሉ ይፈታል። አክሳራይና ኩምካፒ በኩል የአፍሪካ ሱቆች ስላሉ ሄደህ ታያለህ፤ ግን የመኖሪያ ካርድህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ፖሊስ እኔን ሁለት ጊዜ አስቁሞኛል። ካርዱን ሳሳይ ለቀቁኝ፤ ያልያዘችው ጓደኛዬ ግን እስከ ማታ ጣቢያ ዋለች። «ታክሲም» የሚባለው አደባባይ አካባቢ ማታ «ወንድሜ፣ ና አንድ ነገር እንጠጣ» የሚል የማታውቀው ሰው ካገኘህ ሰላም ብለህ እለፍ። ሊስትሮ ፊትህ ብሩሽ ቢጥል ደግሞ አታንሳለት። ካነሳህለት ለምስጋና ብሎ ጫማህን ይጠርግና ዋጋውን ይጠይቅሃል። የደሴ ወንዶች በዚህ ተበልተዋል፤ ስም አልጠራም።

ስልክህን አስብበት። ከዚህ ይዘኸው የሄድከው ስልክ በቱርክ ሲም 120 ቀን ይሠራል። ከዚያ ካላስመዘገብከው ኔትወርክ ይቆረጣል፤ የማስመዝገቢያው ክፍያ ደግሞ ስልኩን ራሱን ሊያስንቅ ይችላል። የኔ የተቆረጠው መንገድ ላይ ነው፤ ካርታዬ እጄ ላይ ሞተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሮቹን በሚናሬት ነው የማውቃቸው። ሱሌይማኒዬ መስጊድ ኮረብታው ላይ ስለሆነ ከብዙ ቦታ ይታይሃል፤ እሱን ካየህ አልጠፋህም።

የተማሪ ኢስታንቡልካርት፣ የትራንስፖርት ካርዱን ማለቴ ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት አውጣ። በእግር ሄደህ በመርከብ መመለስ ነው ጥበቡ። በትንሽ ብርጭቆ ሻይ ይዘህ፣ ሲሚትህን (ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ነው) ለባሕር ወፎቹ እየወረወርክ። ሎዶስ የሚሉት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ግን መርከቡ ይቆማል። ያን ጊዜ በባሕሩ ሥር በሚያልፈው ማርማራይ ባቡር ተሻገር። እናቴ በባሕር ሥር ተሻገርኩ ስላት አላመነችኝም፤ አሁንም አታምነኝም።

የመጨረሻ ዓመት ላይ አዲስ የመጡ ልጆችን ሰብስቤ የአሮጌውን ከተማ ግንብ አስዞርኳቸው። ከዬዲኩሌ እስከ ሃሊች፣ ስድስት ኪሎ ሜትር የሚሆን፤ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሠራ። ግንቡ ሥር ሰዎች ሰላጣ ይተክላሉ። አሥራ አንድ ነበሩ። አንዱ የመርሳ ልጅ ኤዲርኔካፒ የሚባለው የግንቡ በር ላይ ተቀምጦ አልነሳም ብሎኝ ነበር፤ በሲሚት ነው ያስነሳሁት። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ሙህታር» ቀረ። እዚያ ስትደርስ «የደሴዋ ሙህታር» ብለህ ጠይቅ፤ የሚያውቀኝ አታጣም።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ባላት ስትሄድ ያቺን ሰማያዊ በር ፈልግልኝና ፎቶ ላክልኝ። ከብረቱ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደ ላይ ስትወጣ ሃያ ስድስት ደረጃ ቁጠር። መስኮቱ ላይ «ኪራሊክ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ካየህ ግን እንዳትደውል።