ልጃችን እግሩን በቀዶ ሕክምና ማስረዘም ይፈልጋል፤ እንፍቀድለት?

ጥያቄ፦

መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምንኖረው አሜሪካ ነው። የበኩር ልጃችን 16 ዓመቱ ሲሆን በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ቤተ ክርስቲያንን የሚወድ ልጅ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ነው። በትምህርት ቤት ስለሚቀልዱበት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከቤት መውጣት እየጠላ መጥቷል። አሁን «እግሬን በኦፕራሲዮን ላስረዝም፤ እዚህ ከተወደደ ኢስታንቡል እንሂድ» እያለ ይለምነናል። አባቱ «ከእናንተ ተጨንቆ በቁመቱ ላይ አንድ ክንድ መጨመር የሚችል ማን ነው?» የሚለውን ቃል ጠቅሶ «በእግዚአብሔር ሥራ መግባት ነው» ሲል ተቆጣ። እኔ ግን ጥርሱን በብረት ስናሳስርለት ኃጢአት ነው ያለን ስላልነበረ ልዩነቱ አልገባኝም። ብንፈቅድለት ኃጢአት ይሆንብናል?

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣ የልጅዎን ጭንቀት ሳይንቁ ስለ ጠየቁ እግዚአብሔር ይስጥልን። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ጤነኛ እግር ያለው የ16 ዓመት ልጅ ቁመት ለመጨመር ሲል ብቻ አጥንቱን እንዲያስቆርጥ ወላጆቹ ሊፈቅዱለት አይገባም። ይህን የምለው ግን ሕክምናው በራሱ ክፉ ስለ ሆነ ወይም ልጁ ረጅም መሆን በመመኘቱ ስለ በደለ አይደለም። ልጅዎ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ከቁጣ የተሻለ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል፤ እኔም ምክንያቱን በዝርዝር የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ባለቤትዎ የጠቀሱት ቃል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 27 የሚገኝ የጌታችን ቃል ነው። ጌታችን ይህን የተናገረው ስለ መብልና ስለ ልብስ የሚጨነቁትን ሲያስተምር ነው፤ በአባታችን መግቦት እንድንታመን የሚያደርግ ትምህርት እንጂ ሐኪሞችን የሚከለክል ሕግ አይደለም። ቃሉን በልጁ ላይ እንደ በትር ብናነሣው ከትምህርቱ እንርቃለን፤ ልጁም ወንጌል የእርሱን ሕመም የማያውቅ ይመስለዋል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዘናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ሐዋርያው ጴጥሮስ መልካም በሚባለው በር የተቀመጠውን ሽባ ባስነሣው ጊዜ እግሩና ቁርጭምጭሚቱ እንደ ጸና የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። የታመመ እግር እንዲድን መሻት እንግዲህ የሐዋርያት መንገድ ነው።

ይህ ሕክምና ራሱ ለውበት የተጀመረ አልነበረም። ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተባለው የሶቪየት ሐኪም በ1950ዎቹ በምዕራብ ሳይቤሪያ በምትገኘው በኩርጋን ከተማ ዘዴውን ያዳበረው፣ ከጦርነቱ በኋላ አጥንታቸው ተሰብሮ አልገጥም ያላቸውን ሰዎች ሲረዳ ነበር። ዛሬም ከልደት ጀምሮ አንድ እግራቸው ያጠረ፣ በአደጋ ወይም በአጥንት ማመርቀዝ የተጎዱ ልጆች በዚሁ ዘዴ ተስተካክለው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን ካነበቡ፣ የምጽፈው እነርሱን እንደማይመለከት አውቀው የሐኪማቸውን ምክር ያለ ፍርሃት ይከተሉ።

በሕመም ምክንያት በሚደረግ መቁረጥና በጤና ላይ በሚደረግ መቁረጥ መካከል ያለውን ልዩነት አባቶቻችን ያዩት ገና በጥንት ነው። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት የመጀመሪያው ቀኖናቸው ራሳቸውን ስለሚሰልቡ ሰዎች ነው። ታሞ በሐኪም እጅ የተሰለበው ሰው በክህነቱ እንዲጸና፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በገዛ እጁ ራሱን የሰለበው ግን ከክህነት እንዲከለከል ወስነዋል። እግር ማስረዘም ያንን የመሰለ ነገር አይደለም፤ አካልን አያጎድልም፣ ቀኖናውም በቀጥታ አይመለከተውም። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ሰው አካል የተቆረጠው አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ የተለያየው ስለ ምክንያቱ ነው። አባቶች የጠየቁት ቢላዋው ስለምን እንደ ገባ ነበር፤ እኛም በልጅዎ ጉዳይ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ስለ ጥርስ ብረቱ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። ውበትን መውደድ ብቻውን ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ጥርስ ማሳሰርም በተወገዘ ነበር። ልዩነቱ በሚከፈለው ዋጋ ነው፤ ዋጋ የምለውም ገንዘቡን ብቻ አይደለም። በዚህ ሕክምና ጤነኛው የጭን ወይም የቅልጥም አጥንት ይቆረጣል፤ ከውጭ በቀለበትና በሽቦ የተሠራ ብረት ይታሰርበታል፤ ወይም በአጥንቱ ውስጥ ከውጭ በማግኔት የሚንቀሳቀስ ዘንግ ይገባለታል። ከሳምንት ያህል በኋላ የተቆረጠው አጥንት በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ እየተራራቀ በመካከሉ አዲስ አጥንት ይበቅላል። 5 ሳንቲ ሜትር ለመጨመር ማራዘሙ ብቻ ሁለት ወር ያህል ይወስዳል፤ አዲሱ አጥንት ጸንቶ ክብደት እስኪሸከም ደግሞ ብዙ ተጨማሪ ወራት ያስፈልጋሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አጥንቱ ሲርቅ ጡንቻው፣ ነርቩና የደም ሥሩ አብረው መለጠጥ ስላለባቸው ሕመሙ ብርቱ ነው፤ የየዕለቱ ፊዚዮቴራፒም ግድ ነው። አጥንቱ አልገጥም ሊል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ነርቭ ሊጎዳ፣ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ሊደርቅ፣ የረጋ ደም ወይም ከአጥንት ውስጥ የወጣ ስብ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሕይወትን ሊያሰጋ ይችላል። የጥርስ ብረት ካልተስማማ ይፈታል፤ ጤነኛ ሆኖ ገብቶ እያነከሰ የወጣን እግር ግን ወደ ቀድሞው መመለስ አይቻልም። የቻይና ጤና ሚኒስቴር በ2006 እ.ኤ.አ. ይህን ሕክምና ለውበት ብቻ መሥራትን የከለከለው ብዙ ወጣቶች ተጎድተው ከታየ በኋላ ነበር።

የልጁ ዕድሜ ነገሩን ይበልጥ ያከብደዋል። በ16 ዓመቱ የሰው ንቀት የዓለም ፍጻሜ መስሎ ይታያል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ምሬት እውነተኛ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ መልኩ ይለወጣል፤ የተጎዳ ነርቭ ግን ከዚያ ምሬት በኋላም አብሮት ይኖራል። ሕግ ፈቃዱን ከእናንተ እጅ ያደረገውም ልጅ የዕድሜ ልክ ሸክምን በዛሬ ልቡ መመዘን ስለሚያዳግተው ነው። ልጃችሁ ሕፃን ሳለ በክርስትናው ዕለት ካህኑ ሠላሳ ስድስት የአካል ክፍሎቹን በቅብዐ ሜሮን ሲያትሙ ጉልበቱንና እግሩንም አትመዋል። ያ አካል ለእግዚአብሔር የተለየ ነው፤ ሐዋርያው «በዋጋ ተገዝታችኋልና» የሚለው ስለዚሁ አካል ነው። እናንተ ወላጆቹ ልጁ ለራሱ እስኪበቃ ድረስ ጠባቂዎቹ ናችሁ፤ ስለዚህ ስለ ኃጢአት ለጠየቁኝ፣ አደጋውን እያወቃችሁ ልጁን ዝም ለማሰኘት ብቻ ብትፈርሙ አደራችሁን እንዳጎደላችሁ እቆጥረዋለሁ።

መከልከል ብቻውን ግን ልጁን አይፈውሰውም፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝም ይህ የነገሩ ክፍል ነው። ልጆቻችንን በቁመታቸው የሚያስጨንቋቸው የውጭ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በየሠርጉና በየማኅበሩ ልጁን ከራስ እስከ እግር አይተን «አልረዘምክም እንዴ?»፣ «ታናሽህ በለጠህ እኮ»፣ «አባትህን አልወጣህም» የምንለው እኛው ዘመድና ምእመናን ነን። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ የኤልያብን መልክና የቁመት ዘለግታ አይቶ የተቀባው እርሱ መስሎት ነበር፤ እግዚአብሔርም «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» ብሎ መለሰው። ነቢይ የታረመበትን ነገር እኛ በልጆቻችን ፊት ደግመን ስናደርገው ሊያሳፍረን ይገባል። ከዛሬ ጀምሮ በቤታችሁ ስለ ቁመት ቀልድ ይቅር፤ ለዘመድም በግልጽ ይነገር። በትምህርት ቤት የሚሰድቡትን በተመለከተ ደግሞ አባትና እናት አብራችሁ ሄዳችሁ ኃላፊዎቹን አነጋግሩ፤ ልጁ ብቻውን እንዲችለው አትተዉት።

የአባ ዮሐንስ ሐፂርንም ታሪክ አንብቡለት። ስንክሳር ጥቅምት 20 ቀን የሚያስበው ይህ የገዳመ አስቄጥስ አባት፣ መምህሩ የተከለውን ደረቅ እንጨት ውኃ ከሩቅ እየቀዳ ሦስት ዓመት አጠጥቶ ያለመለመ የመታዘዝ አባት ነው። ቤተ ክርስቲያን ቁመቱን ልትሸፍንለት አልፈለገችም፤ እስከ ዛሬ «አጭሩ ዮሐንስ» እያለች በክብር ትጠራዋለች። ይህን የምላችሁ ልጁን «አጭር ሁንና ቅዱስ ትሆናለህ» ብላችሁ እንድትገሥጹት አይደለም። ቁመቱ በእግዚአብሔርና በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የሚደበቅ ነውር እንዳልሆነ ከራሷ ከቤተ ክርስቲያን አፍ እንዲሰማ ነው።

ልጁ ከቤት መውጣት መጥላቱን ቀለል አድርጋችሁ አትመልከቱት። ስለ ገዛ አካል የሚሰማ ከልክ ያለፈ ጭንቀት የሚታከም ሕመም የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ሲሆን ቁመቱ ቢጨመርም ጭንቀቱ ላይለቅ ይችላል። ጸሎቱና ጸበሉ እንዳለ ሆኖ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ቢያነጋግረው ከእምነት መጉደል አይቆጠርም።

አድጎ በራሱ ፈቃድና በራሱ ገንዘብ ቢያደርገውስ የሚል ጥያቄ እንደሚከተል አውቃለሁ። ያን ጊዜም አደጋውን ነግሬ እንዲተወው እመክረዋለሁ፤ ቢያደርገው ግን ከቤተ ክርስቲያን አይለይም፣ «የእግዚአብሔርን ሥራ አበላሸህ» ተብሎም ሊሰደብ አይገባም። ከንስሐ አባቱ ጋር ይመክራል፤ አጥንቱ እስኪገጥም ጾሙም ስግደቱም እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ በእርሳቸው ፈቃድ ይቀልለታል።

ለጊዜው ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው የሕፃናት ሐኪም ነው። ብዙ ወንዶች ልጆች እስከ 17 እና 18 ዓመታቸው ያድጋሉ፤ ዘግይተው የሚረዝሙም አሉ። የእጅ አንጓ ኤክስሬይ የአጥንቱን ዕድሜ ያሳያል፤ የደም ምርመራም የዕድገት ሆርሞን ወይም የታይሮይድ ጉድለት፣ ወይም ምግብ እንዳይዋሐድ የሚያደርግ የአንጀት ሕመም መኖሩን ያመለክታል፤ እነዚህም ያለ ቢላዋ የሚታከሙ ናቸው። ሐኪሙ የምግብ እጥረት ካገኘበት የጾሙን ሥርዓት ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ አስተካክሉ። ቀጠሮውን በዚህ ወር ያዙ፤ ወደ ሐኪም ይዞት የሚሄደውም አባቱ ይሁን፤ ተቆጥቶ ከከለከለው አባቱ ጋር በመንገድ ላይ መነጋገሩ ለልጁ ከምርመራው ያላነሰ ያስፈልገዋል።