ሜክን አንዴ ከሶርስ ኮዱ ገንቡት

ልጆች ሰላም ናችሁ? ፕሮግራሚንግ የጀመራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ትንሽ ፋታ ስታገኙ ሶፍትዌር ከሶርስ ኮድ የሚገነባውን መሳሪያ፣ የጂኤንዩ ሜክን፣ ሶርስ ኮድ አውርዱና ራሳችሁ ኮምፓይል አድርጋችሁ ጫኑት። ኡቡንቱ ላይ በአንድ መስመር ትዕዛዝ እንደሚጫን አውቃለሁ፣ ለዕለት ስራማ በሱው ተጠቀሙ። እኔ የምላችሁ ለትምህርት ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የማያቸው ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ኮድ ይጽፋሉ፣ ዌብሳይት ይሰራሉ፣ ኮምፓይለሩ አንድ ኤረር ሲያወጣባቸው ግን ሳያነቡት ስክሪኑን ያጸዱና ከኢንተርኔት ሌላ ትዕዛዝ ኮፒ ያደርጋሉ፣ ያ ካልሰራ ሌላ፣ እሱም ካልሰራ ሌላ። በጣም ያሳስበኛል። ማሽኑ እኮ ምን እንደጎደለው እየነገራቸው ነው።

ለምን ሜክ አትሉኝም? አንደኛ ትንሽ ነው፣ ፋይሉ 3 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም፣ የዳታ ፓኬጃችሁን አይጨርስባችሁም። ደግሞ ስንቱን ሶፍትዌር የሚገነባው እሱ ነው፣ የሊኑክስ ከርነል ራሱ የሚገነባው በሜክ ነው። የመጀመሪያውን ሜክ በፈረንጅ 1976 የጻፈው የቤል ላብስ ሰራተኛ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን ነው፣ መነሻው ደግሞ የማናችንም ችግር ነው። አንድ ባልደረባው ጠዋቱን ሙሉ የፕሮግራሙን ስህተት ሲፈልግ አረፈደ፣ ለካ ስህተቱ ከተስተካከለ ቆይቷል፣ የተስተካከለው ፋይል ግን እንደገና ኮምፓይል አልተደረገም። ሜክ የመጣው ለዚህ ነው፣ ሶርሱ የተቀየረበትን ሰዓት ከተገነባው ፋይል ሰዓት ጋር ያስተያያል፣ ሶርሱ ከቀደመ ያልፈዋል፣ ሶርሱ ኋላ ከተነካ እንደገና ይሰራዋል።

ይቺን ከያዛችሁ እኛ ሰፈር የሚያጋጥማችሁ ግማሹ ነገር ይገባችኋል። መሀል ላይ መብራት ሄደ እንበል፣ ዴስክቶፕ ነው፣ ዩፒኤስ የለም። መብራት ሲመጣ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም፣ እንደገና ሜክ በሉት፣ ያለቀውን አልፎ ከቀረው ይቀጥላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮንትሮል ሲ ብላችሁ ብታቋርጡት ኖሮ ሜክ በጅምር ያለውን ፋይል ራሱ ያጠፋው ነበር፣ መብራት ሲሄድ ግን ይሄን የሚያደርግበት ፋታ የለውም፣ ስለዚህ የተቆረጠ ወይም ባዶ የሆነ ኦብጀክት ፋይል፣ ማለትም ከአንድ ሶርስ ፋይል የተገነባ ቁራጭ፣ ሊቀር ይችላል። ሰዓቱ ከሶርሱ የኋላ ስለሆነ ሜክ ያለቀ ይመስለዋል፣ ያልፈዋል፣ መጨረሻ ላይ ቁራጮቹን አንድ ላይ የሚያገጣጥመው ሊንከር ፋይሉን አላውቀውም ብሎ ይጮሃል። ያኔ ስሙ የተጠራውን ፋይል ብቻ አጥፍታችሁ ሜክን መድገም ነው፣ በቃ። ኤረሩን ያላነበበ ልጅ ግን ሶርሱን እንደገና ያወርዳል፣ ሊኑክሱን ፎርማት የሚያደርግም አለ።

ሌላው የሰዓት ጣጣ ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። የሜክ 4.4.1 ፋይሎች በፈረንጅ የ2023 ቀን ይዘው ነው የሚወጡት፣ ማሽናችሁ ደግሞ ገና 2010 ላይ ነኝ ካለ ኮንፊገር የሚባለው ስክሪፕት ገና ከመጀመሪያው ቆሞ አሁን የፈጠርኩት ፋይል ከሶርሱ ያረጀ ነው፣ ሰዓትህን አስተካክል ይላችኋል። ቃል በቃል ነው የሚለው። ሰዓቱን ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ስራ ነው።

አሰራሩ ራሱ ብዙም አይደለም። ከጂኤንዩ ከራሱ ሰርቨር አውርዱ፣ ፋይሉ ከነሱ መምጣቱን የሚያሳየውን ፊርማ አረጋግጡ፣ ፍቱትና ኮንፊገርን አስነሱ። ሲያስነሱት ፕሪፊክስ የሚለውን አማራጭ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ላለ ቦታ ስጡት። ካልሰጣችሁት ዩዘር ሎካል ውስጥ ነው የሚገባው፣ ለዚያ ሱዶ፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ማለት ነው፣ ያስፈልጋል፣ ለልምምድ ሱዶ መጠቀም ደግሞ አልወድላችሁም፣ ትምህርት ቤት ወይም መስሪያ ቤት ማሽን ላይማ ጭራሽ አይሰጧችሁም። ኮንፊገር ማሽናችሁን አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ ሲ ኮምፓይለር አለ ወይ፣ ይሄ ሄደር ፋይል አለ ወይ እያለ፣ መልሱን ሁሉ ኮንፊግ ሎግ የሚባል ፋይል ላይ ይጽፋል። ከቆመባችሁ እሱን ክፈቱ። ከዚያ በኋላ ሜክ ብላችሁ ስትገነቡት ኤረር በኤረር ላይ ቢደራረብ ከላይ የመጀመሪያውን ፈልጉ፣ የታችኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የሱ ውጤት ናቸው።

ሜክ በሌለበት ማሽን ላይ ሜክ በምን ይገነባል ብሎ የጠየቀ ልጅ ካለ እሱ ፕሮግራመር ይወጣዋል። ሶርሱ ውስጥ ቢልድ የሚባል ትንሽ የሼል ስክሪፕት፣ ተርሚናል ላይ የሚጻፉ ትዕዛዞች ስብስብ፣ አለ፣ ኮንፊገር ካለቀ በኋላ እሱ ኮምፓይለሩን በቀጥታ እየጠራ የመጀመሪያውን ሜክ ይሰራል። ከፍታችሁ አንብቡት፣ አጭር ነው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ከመጫናችሁ በፊት ሜክ ቼክ ብላችሁ ፈትኑት። ሜክ ኢንስቶል ብላችሁ ከጫናችሁ በኋላም ቨርዥኑን ስትጠይቁት የድሮውን ካሳያችሁ አልተጫነም ብላችሁ አትደናገጡ፣ አዲሱ ያለበት ፎልደር ፓዝ ላይ፣ ማለትም ሼሉ ፕሮግራም በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ላይ፣ ከድሮው ቀድሞ አልገባም ማለት ነው፣ ካልሆነም ሼሉ የድሮውን አድራሻ ይዞ ቀርቷል፣ አዲስ ተርሚናል ክፈቱ።

ሜክ ሲሳካላችሁ ሲሜክ የሚባለውን ሌላ የግንባታ መሳሪያ ሞክሩ። እሱ ሲ ፕላስ ፕላስ ስለሆነ ይቆያል፣ ራምም ይበላል፣ 4 ጊጋ ራም ላለው ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ ስንት ስራ እንዲሰራ ለሜክ የሚነግረውን ጄ የሚለውን አማራጭ ቁጥር ሳትሰጡት አትልቀቁት፣ 2 ይበቃዋል። ቡትስትራፕ የሚባል ስክሪፕት አለው፣ የኦፕንኤስኤስኤል ዴቨሎፕመንት ፓኬጅ ከሌላችሁ እዚያ ላይ ይቆምና ይነግራችኋል። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ የሰፈር ልጆች ያቃታችሁ ነገር ካለ ኑ፣ ስትመጡ ግን የመጀመሪያውን ኤረር አንብባችሁ፣ ሎጉንም ሳታጠፉት ይዛችሁ።