ከፍዬበት ሳለ ውጭ አገር ስሄድ ለምን ይዘጋብኛል?

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ምክንያት በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከአገር እወጣለሁ። ባለፈው ጉዞዬ፣ በየወሩ የምከፍልበትን የቴሌቪዥን መተግበሪያ ሆቴል ክፍሌ ውስጥ ስከፍት «ይህ ፕሮግራም ባሉበት አካባቢ አይገኝም» የሚል ጽሑፍ ብቻ መጣብኝ። ክፍያዬ አልተቋረጠም፤ የይለፍ ቃሌም ትክክል ነው። የጀመርኩትን ተከታታይ ድራማ አውርጄ ልይ ብል የማውረጃው ምልክት ጭራሹን ጠፍቷል። ከፍዬበት ሳለ ለምን እከለከላለሁ? በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለስድስት ሳምንት ስለምሄድ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ጥያቄዎም ቅሬታዎም ተገቢ ነው። የተዘጋብዎ በእርስዎ ጥፋት ሳይሆን ጣቢያው በገባው ውል ምክንያት ነው። ድራማውን የሚያሳይዎ ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ የድራማው ባለቤት አይደለም፤ ከባለቤቶቹ የገዛው በተወሰነ አገር ውስጥ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የማሳየትን ፈቃድ ነው። ያው ድራማ በሌላ አገር ለሌላ ጣቢያ ተሽጦ ሊሆን ይችላል፤ ያኛው ጣቢያም ገንዘቡን ያወጣው በአገሩ ብቸኛው አቅራቢ ለመሆን ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጣቢያ ድንበር ተሻግረው ሳሉ ቢከፍትልዎ ውሉን አፈረሰ ማለት ነው። በእኔ እምነት ይህ አሠራር ቴሌቪዥን በአንቴና ብቻ ይታይ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ ከፍሎ የሚያየውን ሰው ከማንም በላይ የሚጎዳውም እሱ ነው። ይሁንና እስካለ ድረስ አሠራሩን አውቆ መዘጋጀት ይሻላል።

መተግበሪያው የት እንዳሉ የሚያውቀው በመጀመሪያ ደረጃ በአይፒ አድራሻዎ ነው። እነዚህ አድራሻዎች ዓለምን ለአምስት ቀጣና ተከፋፍለው በያዙ መዝጋቢ ተቋማት በኩል ለየኢንተርኔት አቅራቢው የሚታደሉ ቁጥሮች ሲሆኑ፣ የትኛው ቁጥር በየትኛው አገር እንደሚሠራ እየተከታተሉ መረጃውን ለቴሌቪዥን ድርጅቶች የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ። በሆቴሉ ዋይፋይ ሲጠቀሙ ስልክዎ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በሆቴሉ አድራሻ ነው። አንዳንድ አገልግሎቶች በዚህ ሳይወሰኑ የስልኩን ጂፒኤስ ወይም የክፍያ ካርዱ የወጣበትን አገር ያመሳክራሉ። የይለፍ ቃልዎ ትክክል መሆኑ ያልረዳዎ ለዚህ ነው፤ የማውረጃው ምልክት የጠፋውም ማውረድ እንደ ማየት ሁሉ በዚያው ፈቃድ ሥር ስለሚወድቅ ነው።

ለሚቀጥለው ጉዞዎ መፍትሔው ከመነሳትዎ በፊት ማውረድ ነው። የብሪታንያው ቢቢሲ ለምሳሌ አይፕሌየር የተባለውን አገልግሎቱን ከብሪታንያ ውጭ ባይከፍትም፣ እዚያው ሳሉ ያወረዱትን ፕሮግራም ውጭ አገር ሆኖ ማየትን ይፈቅዳል። ኔትፍሊክስም ከኅዳር 2016 (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ማውረድን ፈቅዷል። ሆኖም ያወረዱት ፋይል የእርስዎ ንብረት ሆነ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ፋይሉ በምስጠራ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የሚከፍተው ቁልፍ ደግሞ መተግበሪያው ዘንድ ያለ፣ የጊዜ ገደብ የተቆረጠለት ሌላ ነገር ነው። ቀኑ ሲያልፍ ፋይሉ ስልክዎ ላይ ተቀምጦ እያለ አልከፈትም ይላል።

የጊዜ ገደቡ እንደ አገልግሎቱና እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። አንዳንዱ ሠላሳ ቀን ይሰጣል፤ አንዳንዱ ሰባት ቀን ብቻ፤ ሌላው ደግሞ ማየት ከጀመሩበት ደቂቃ አንሥቶ 48 ሰዓት ቆጥሮ ይዘጋል። የእርስዎ ጉዞ 42 ቀን ስለሆነ ሠላሳ ቀን የተሰጠው ፋይል እንኳ ከመመለስዎ በፊት ያበቃል። ስለዚህ የወረዱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍተው ከእያንዳንዱ ሥር የተጻፈውን ቀሪ ቀን ይመልከቱ፤ ቀኑ ቀድሞ የሚያልቀውን አስቀድመው ይዩ። ለ48 ሰዓት የተገደበውን ክፍል ግን «ምስሉ ጥራት አለው ወይ?» ብለው ለሙከራ እንኳ አይክፈቱት፤ ቆጠራው በዚያች ሙከራ ይጀምራልና።

እኔ ራሴ የተቀጣሁበትን ላውራዎ። አንድ ጊዜ ለረጅም በረራ ብዬ አንድ ሙሉ ተከታታይ ድራማ ታብሌቴ ላይ ጭኜ ነበር። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ስከፍተው መተግበሪያው በራሱ ጊዜ ከአካውንቴ አስወጥቶኝ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ቃሉን ባውቀውም ኢንተርኔት ስለሌለ የሚያረጋግጥልኝ አልነበረም። አርፈን በአየር ማረፊያው ዋይፋይ ስገባ ደግሞ ያወረድኳቸው ክፍሎች በሙሉ ተሰርዘው አገኘኋቸው። ከአካውንት መውጣት በብዙ አገልግሎቶች ዘንድ ያወረዱትን ሁሉ እንደሚያጠፋ የተማርኩት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከመነሳቴ በፊት ባለው ምሽት መተግበሪያውን አድሼ እገባለሁ፣ ከዚያ ስልኩን በበረራ ሁነታ ላይ አድርጌ ኢንተርኔት ሳይኖር የጊዜ ገደቡ ረዘም ያለውን አንዱን ክፍል ለጥቂት ሰኮንድ ከፍቼ አያለሁ። እርስዎም ይህን ሳያደርጉ ከቤት እንዳይወጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ውጭ አገር ከደረሱ በኋላም መተግበሪያው ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ፈቃድዎን መልሶ ሊያጣራና በዚያ አገር ያልተፈቀደውን ሊዘጋብዎ ስለሚችል፣ ሲያዩ በበረራ ሁነታ ላይ ሆነው ቢያዩ ይመረጣል። የስልኩን ቀን ወደ ኋላ መልሶ ገደቡን ለማራዘም መሞከር ግን አያዋጣም፤ ብዙዎቹ ቁልፎች የሰዓት መዛባትን ሲያዩ ጭራሹን ይዘጋሉ። ስለ ማከማቻ ቦታ ካሰቡ ደግሞ በመደበኛ ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ እስከ 1 ጊጋባይት፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋባይት ይፈጃል ብለው ያስሉ። ለስልክ ስክሪን መደበኛው ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ነፃ ቪፒኤን ጫንና እንደ ልብህ አውርድ ይሉኛል። ይህ ትክክል ነው? ይሠራልስ?

መልስ፦ ቪፒኤን የኢንተርኔት ግንኙነትዎን መስጥሮ በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር (አገልግሎት ሰጪ ኮምፒውተር) በኩል ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ ጣቢያው የሚያየው የእርስዎን ሳይሆን የሰርቨሩን አድራሻ ነው። በሆቴልና በአየር ማረፊያ ዋይፋይ ላይ የባንክ ሥራ ለሚሠራ ሰው ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ለቴሌቪዥን ግን አስተማማኝነቱ አነስተኛ ነው፤ ምክንያቱም የቪፒኤን ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት አድራሻቸው በሚታወቅ የዳታ ማዕከላት ውስጥ ስለሆነና ከአንድ አድራሻ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲገባ በቀላሉ ስለሚለይ ነው። ኔትፍሊክስ እንዲህ ያሉ ግንኙነቶችን መከልከልን እንደሚያጠናክር በይፋ ያስታወቀው በጥር 2016 ነው።

ትክክል ነው ወይ ላሉት፣ አብዛኞቹ አገልግሎቶች ሲመዘገቡ በሚቀበሉት ውል ላይ ያለበትን አገር መደበቅን ይከለክላሉ፤ ውሉን የጣሰ ሰው አካውንቱ ሊዘጋበት ይችላል። ከዚህም በላይ ቪፒኤን መጠቀምን ራሱን በሕግ የሚገድቡ አገሮች ስላሉ የሚሄዱበትን አገር ሕግ ሳያጣሩ አይነሱ። የወረደውን ፋይል ምስጠራ ሰብሮ እንደ ተራ ቪዲዮ ማስቀመጥ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከበደ ነገር ነው። በ1996 የተፈረመው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነት አባል አገሮች እንዲህ ያለውን ሰበራ የሚከላከል ሕግ እንዲኖራቸው ያስገድዳልና፣ «ለራሴ ብቻ ነው» የሚለው መልስ በብዙ ቦታ አያድንም።

«ነፃ» የሚለው ቃል ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ሰርቨር ገንዘብ ይፈጃል፤ እርስዎ ካልከፈሉ ሌላ ሰው እየከፈለ ነው፤ የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ የት ገብተው ምን እንዳዩ የሚያሳየውን መረጃዎን ለመግዛት ነው። መላ የኢንተርኔት ግንኙነትዎን ማንነቱን ለማያውቁት ሰው ከማስረከብዎ በፊት ደግመው ያስቡበት። «ማንኛውንም ቪዲዮ አውራጅ» እያሉ የሚቀርቡ ምንጫቸው ያልታወቀ መተግበሪያዎችንም በዚሁ ዓይን ይመልከቷቸው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ጉዞዬ ያው ፕሮግራም በሆቴሉ ዋይፋይ እምቢ ብሎ በስልኬ ዳታ ግን ተከፈተልኝ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ሮሚንግ ላይ ስለነበሩ ነው። ከአገርዎ ይዘውት በወጡት ሲም ካርድ ዳታ ሲጠቀሙ፣ ግንኙነቱ በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ወደ አገርዎ የስልክ ድርጅት ተመልሶ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ስለዚህ አይፒ አድራሻዎ የአገርዎ ሆኖ ይታያል። በዚያው አገር የገዙት ሲም ካርድ ቢሆን ግን እንደ ሆቴሉ ዋይፋይ ይከለክልዎ ነበር። ለተጓዦች የሚሸጡ አንዳንድ ኢሲሞች (ካርድ ሳያስፈልግ ስልኩ ላይ የሚጫኑ ሲሞች) ደግሞ በሦስተኛ አገር በኩል ስለሚያልፉ እርስዎ ባልረገጡት አገር ያሉ ያስመስልዎታል።

በአውሮፓ ኅብረት አባል አገር የሚኖሩና እዚያው የተመዘገቡ ከሆነ ሮሚንጉ አያስፈልግዎትም። ከሚያዝያ 1 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የኅብረቱ ደንብ መሠረት፣ የተከፈለበት አገልግሎት ደንበኛው በሌላ አባል አገር ለጊዜው ሲቆይ እንደ ቤቱ ሊከፈትለት ይገባል፤ በነፃ የሚቀርቡ ጣቢያዎች ግን አይገደዱም። ብሪታንያ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ከዚህ ደንብ ውጭ ናት። ከኅብረቱ ውጭ ከሆኑ ግን የሮሚንግ ሒሳብ ውድ ሊሆን ስለሚችል፣ ድራማውን በዚያ መንገድ ከማውረድዎ በፊት የስልክ ድርጅትዎ ለአንድ ጊጋባይት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይጠይቁ፤ የመተግበሪያውን ጥራት ዝቅ አድርገው፣ ቀጣዩን ክፍል በራሱ የሚያወርደውንም ምርጫ ያጥፉት።