ቶሎ መጥገብና የጨጓራ ምስል፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የምሠራው የምስል ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ አብዛኞቹ ስለ ጨጓራ ናቸው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ እናቴ ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደቀመሰች «ጠገብኩ፣ ሆዴ ተወጠረ» ትላለች። ኤንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን ማየት) ተሠርቶላት ምንም የለም ተባለ። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ የእናትህ ሕመም እውነተኛ ነው። ምንም የለም ሲባል ቁስል ወይም ዕጢ አልታየም ማለት ነው። ባዶ ጨጓራ ውስጡ የአንድ ስኒ ቡና ያህል ቢይዝ ነው። ስንበላ ግን የላይኛው ክፍሉ ላላ ይልና፣ ግፊቱ ብዙም ሳይጨምር 1 ሊትርና ከዚያ በላይ ይቀበላል። ይህን የሚያዘው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ጨጓራው አልላላ ካለ ግድግዳው ይወጠራል፤ ሰው ገና ሳይበላ ይጠግባል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከቤልጂየም ሌቨን የወጣ ጥናት፣ ቁስል ሳይገኝባቸው ጨጓራቸውን ከሚያማቸው ሕሙማን 40 በመቶ ገደማ ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። እናም እባካችሁ፣ «በሐሳብ ነው» እያላችሁ አታስጨንቋት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኤንዶስኮፒው ለምን አላየውም?

መልስ፦ በባዶ ሆድ ስለሚሠራ ነው። ሐኪሙም አየር ይነፋበታል። በአየር የተነፋ ጨጓራ ምግብ ሲገባበት ምን እንደሚሆን አይናገርም።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ቱቦ ሳይዋጥ የጨጓራን መለጠጥ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ደስ የሚለኝም ይሄ ጥያቄ ነው። ዋናው መለኪያ ለረጅም ጊዜ ባሮስታት ነበር። ሕመምተኛው ቱቦ ጫፍ ላይ የታሰረ ከረጢት ይውጣል፣ ማሽኑ ከረጢቱን በአየር እየሞላ ይለካል። አስቸጋሪ ነው፤ ከረጢቱ ራሱም የጨጓራውን ሥራ ሊያዛባ ይችላል።

ስፔክት የሚባለው ዘዴ ያለ ቱቦ ነው። የአሜሪካው ሆስፒታል ማዮ ክሊኒክ በዚህ ይታወቃል። ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጣል፣ የጨጓራው የውስጥ ሽፋን ከደም ይስበዋል። ካሜራው በሰውየው ዙሪያ እየዞረ የጨጓራውን ቅርጽ በሦስት አቅጣጫ ያወጣል። መጀመሪያ በባዶ ሆድ፣ ከዚያ 300 ሚሊ ሊትር አልሚ መጠጥ ተጠጥቶ እንደገና ይነሣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጨጓራው ምን ያህል እንደላላ ይነግረናል። ጤነኛ ጨጓራ ከተጠጣው መጠንም በላይ ይሰፋል፤ ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

በማግኔት ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ አየሩንና ምግቡንም ለይቶ ያሳያል። ግን ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ተኝቶ ነው የሚሠራው። ሰው ደግሞ ተኝቶ አይበላም።

እኔ ለእኛ አገር ተስፋ የማደርገው በአልትራሳውንድ ነው። የጨጓራውን የታች ክፍል በደንብ ያሳያል። የላይኛውን ግን አየርና የጎድን አጥንት ይጋርዱታል። የኖርዌይ በርገን ሐኪሞች መላ አግኝተውለታል፦ 500 ሚሊ ሊትር የሥጋ መረቅ አጠጥተው ይለካሉ። አልትራሳውንድ የሚያየው በድምፅ ሞገድ ነው፤ ፈሳሹ ድምፁን ስለሚያሳልፍ ምስሉ ይጠራል። የሚሠራው እጅ ግን የሠለጠነ መሆን አለበት።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ የቴክኒሺየሙ ጨረር አያሰጋም?

መልስ፦ መጠኑ ትንሽ ነው፤ በየ6 ሰዓቱም በግማሽ ይቀንሳል። እርጉዝ ወይም የምታጠባ ሴት ግን አስቀድማ መናገር አለባት።

ጥያቄ፦ በፋሲካ ዶሮ ወጥ ስንበላ የሚብሰን ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቅባት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል። ከሁዳዴ በኋላ ድንገት ቅቤ የበዛበት ምግብ ሲመጣ ሆድ ይወጠራል። በትንሽ በትንሹ፣ ቀስ ብላችሁ ብሉ።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ስፔክቱን ፍለጋ አዲስ አበባ ልሂድ?

መልስ፦ አትንከራተት ወንድሜ። ለዚህ ጉዳይ በውጭም ቢሆን በአብዛኛው የሚሠራው በጥቂት ማዕከላትና ለምርምር ነው። መጀመሪያ የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) ምርመራ አድርግ፣ የምትወስደውን መድኃኒትና ስኳር ካለብህም ለሐኪምህ ንገር። ክብደትህ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ደም ካስመለሰህ፣ ሰገራህ ከጠቆረ ወይም ምግብ መዋጥ ካስቸገረህ ግን ቀን አትቁጠር፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ።