የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ለሚታለቡ ላሞች፦ ይሰጣ፣ ይታጠብ ወይስ ይጣል?

ጥያቄ፦ «አራት የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ፤ እያንዳንዳቸው በቀን 12 ሊትር ገደማ ይታለባሉ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ 8 ኩንታል የኑግ ፋጉሎ ገዝቼ መጋዘን አስገባሁ። አሁን ሁለቱን ማዳበሪያ ስከፍት ውስጡ ይሞቃል፣ ሽታው ተለውጧል፣ አረንጓዴና ግራጫ ሻጋታም አለው። ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ የባሰውን ለቅሜ፣ ቀሪውን ብሰጣቸው ችግር አለው? በቀን ለአንዷ ሦስት ኪሎ እሰጣለሁ። እስካሁን አንዳቸውም አልታመሙም። ከሱሉልታ።»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለቱን ኩንታል ለየትኛውም ከብት አይስጡ። ለላሞቹ ብቻ ሳይሆን ለጥጆች፣ ለበሬዎችና በተለይ ለዶሮዎችም እንዳይሰጡት። የቀሩት ስድስቱ ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ማስጣትና መልቀም ለምን እንደማያድን ካልገባዎት ግን በሚመጣው ክረምትም ይኸው ጥያቄ ይመለሳልና ከዚያ ልጀምር።

ፋጉሎ ላይ ከሚበቅሉት ሻጋታዎች የምንፈራው አስፐርጂለስ ፍላቩስ የሚባለውን ነው። ይህ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ስሙም የተወሰደው ከሻጋታው ስም ነው። መርዙ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ ካለቁ በኋላ ነው። ምክንያቱ ሲፈለግ የተገኘው ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ውስጥ ነበር። ነገሩ ከመጀመሪያውም የፋጉሎ ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

ፀሐይ ፋጉሎውን ያደርቃል፣ ሻጋታው እንዳይስፋፋ ያግዳል፣ የላይኛውንም ሊገድለው ይችላል። የተመረተው መርዝ ግን እዚያው ይቀራል። አፍላቶክሲን ሙቀትን በጣም ይችላል፤ ለመፈራረስ ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ፋጉሎውን ቢያፈሉትም፣ በትኩስ ውኃ ቢዘፈዝፉትም፣ ቢቆሉትም ከብት የሚበላው ሆኖ መርዙ አይወጣለትም። ማጠብ ደግሞ ጭራሽ እርጥበት መጨመር ነው።

መልቀምም የማያዋጣበት ምክንያት አለው። ከሻገተው ማዳበሪያ ውስጥ የጡጫ ያህል ጓል አውጥተው በሁለት እጅዎ ለሁለት ቢሰብሩት፣ መሐሉ ላይ ነጭ ድር የመሰለ ነገር፣ ዳሩ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ያያሉ። እነዚህ ድሮች ዓይን ከሚያየው ርቀው ይሄዳሉ። መርዙ ራሱ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። አረንጓዴ ያልሆነው ክፍል ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ የሻገተ ሁሉ አፍላቶክሲን የለበትም። የሚያሳውቀው ምርመራ ብቻ ነው።

«ላሞቹ አልታመሙም» ያሉት ብዙ አርቢዎችን የሚያዘናጋ ነገር ስለሆነ ጠለቅ ብለን እንየው። ላም በአንድ ጊዜ በጣም ብዙ ካልበላች በስተቀር ምልክት አታሳይም። ቢበዛ መኖ ትቀንሳለች፣ ወተቷ በጥቂቱ ይወርዳል፤ ያንንም ሰው በክረምቱ ያሳብባል። ነገር ግን ጉበቷ የበላችውን ቢ1 የሚባል የአፍላቶክሲን ዓይነት ኤም1 ወደሚባል ሌላ ዓይነት ይለውጠዋል፣ ይህም በወተቷ ይወጣል። ፊደሉ «ኤም» የተሰጠው መጀመሪያ በወተት (በእንግሊዝኛ «ሚልክ») ውስጥ ስለተገኘ ነው። ከበላችው በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ወተት ውስጥ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ከበላችው ከ1 እስከ 2 በመቶ ወደ ወተት ያልፋል፤ ብዙ በሚታለቡ ላሞች እስከ 6 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

በእርስዎ ላሞች እናስላው። አንድ ኪሎ ፋጉሎ 200 ማይክሮግራም ቢ1 አለው እንበል። ሦስት ኪሎ 600 ማይክሮግራም ነው። የዚህ 2 በመቶ 12 ማይክሮግራም ይሆናል። በ12 ሊትር ሲካፈል በአንድ ሊትር 1 ማይክሮግራም ይመጣል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስና አሜሪካ ለወተት የሚፈቅዱት 0.5 ሲሆን የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 0.05 ብቻ ነው። ስለዚህ ወተትዎ የመጀመሪያውን ገደብ በእጥፍ፣ ሁለተኛውን ሃያ ጊዜ ያልፋል። በዚሁ ስሌት የ0.5ን ገደብ ለማክበር ፋጉሎው በኪሎ ከ100 ማይክሮግራም፣ የ0.05ን ለማክበር ከ10 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። ከመስከረም 2014 እስከ የካቲት 2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባና ዙሪያዋ 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙናዎች ተመርምረው ነበር። በሁሉም ወተት ውስጥ ኤም1 ተገኘ፤ መጠኑ በሊትር ከ0.028 እስከ 4.98 ማይክሮግራም ነበር። ከ0.05 ያላለፉት 9 ናሙናዎች ብቻ ሲሆኑ፣ 29ኙ ከ0.5 በላይ ሆኑ። ከመኖዎቹም በኪሎ 10 ማይክሮግራም ያላለፉት 16 ብቻ ነበሩ፤ 41ዱ ከ100 በላይ አስመዘገቡ፤ ትልቁ 419 ነበር። የኑግ ፋጉሎ በጥናቱ ዋናው ተጠያቂ ሆኖ ወጣ። እንግዲህ ከላይ የገመትኩት 200 የተጋነነ አይደለም።

ሰውን ለምን ይጎዳል? አፍላቶክሲን በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሰውን ለካንሰር እንደሚዳርጉ ከተረጋገጡት ተርታ የተመደበ ነው። በጉበት ውስጥ ተለውጦ ከሕዋሱ ዘረመል ጋር ይጣበቃል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ሁለቱ ተደጋግፈው የጉበት ካንሰር ስጋቱን ከየብቻቸው ድምር በላይ ያደርጉታል። ወተት የሚጠጣው በብዛት ሕፃን ነው፤ በኪሎ ክብደቱ ሲታይ ከአዋቂው እጅግ የበለጠ ይወስዳል። ሕፃናት በክትባት ከሄፓታይተስ ቢ ቢጠበቁም ከአፍላቶክሲን የሚጠብቃቸው መኖውን የሚገዛው ሰው ነው።

ወተቱን ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም። እርጎ ማድረግም አያስተማምንም። ኤም1 ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አይብ ሲወጣ በአይቡ ውስጥ ይከማቻል፤ በኪሎ ሲለካ ከወተቱ ይበልጣል። ወደ ቅቤ የሚገባው ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ የተጠረጠረ ወተት ካለዎት አይብ ማውጣቱን ይተዉ፣ አሬራውንም ለልጅ አይስጡ።

ደስ የሚለው ነገር፣ መኖው ከተለወጠ ኤም1 ቶሎ ይወርዳል። የተበከለው መኖ በቆመ በ3 እና በ4 ቀን ውስጥ በወተት ውስጥ ያለው መጠን ወደ ትንሹ ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ ያቁሙት፤ በአምስተኛው ቀን የወተት ናሙና ይላኩ።

አሁን ወደ ስድስቱ ማዳበሪያ። ለምርመራ ናሙና ሲወስዱ ከአንድ ቦታ በእፍኝ አይዝገኑ። መርዙ እንደ ጠብታ በየቦታው የተቋጠረ ስለሆነ ከአንድ ጥግ የተወሰደ ናሙና «ንጹሕ ነው» ብሎ ሊያታልልዎ ይችላል። ከእያንዳንዱ ማዳበሪያ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች፣ በአራት በአምስት ቦታ ይውሰዱ። ሁሉንም ንጹሕ ሸራ ላይ አፍስሰው ጓሉን ይፍጩት፣ በደንብ ያደባልቁት። ክምሩን በአራት ይክፈሉት፣ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ሩቦች ያስወግዱ፣ ቀሪውን እንደገና ያደባልቁ፤ ግማሽ ኪሎ ያህል እስኪቀር ይቀጥሉ። በወረቀት ከረጢት ያድርጉት፤ ላስቲክ ውስጥ ላብ ያወጣና በመንገድ ላይ ይሻግታል። ውጤቱ እስኪመጣ ለሚታለቡት ላሞች ባይሰጡ ይመረጣል። ፋጉሎው ደርቆ፣ ሽታው ያልተለወጠና ጓል የሌለው ከሆነ፣ ሌላ ምንም ምርጫም ከሌለዎት፣ በቀን ለአንዷ ከ1 ኪሎ አያሳልፉ።

ለዚህ ጊዜ ሦስት ኪሎ ፋጉሎ በምን ይተካል? የኑግ ፋጉሎ ከደረቅ ይዘቱ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ሦስት ኪሎው 800 ግራም ያህል ይሰጣል። የደረቀ አልፋልፋ 18 በመቶ ገደማ ስለሆነ 5 ኪሎ ይበቃል። እርጥብ ከሆነ 22 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል። እርጥብ አልፋልፋ ጠል ሳለበት ለተራበች ላም ከሰጡ ሆዷ ይነፋል። መጀመሪያ ጭድ ወይም ድርቆሽ ትብላ፣ አልፋልፋው ደግሞ ታጭዶ ግማሽ ቀን ጠውልጎ ይቅረብ፤ በመጀመሪያው ቀን ከ5 ኪሎ ጀምረው በሳምንት ውስጥ ይጨምሩ። የተልባ ፋጉሎም ይሆናል፣ እሱም ግን ከተመሳሳይ መጋዘን ከመጣ ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። በለውጡ ሰሞን ወተት አንድ ሁለት ሊትር ቢወርድ አይደንግጡ።

ቤንቶናይት የሚባለውን የሸክላ አፈር ነጋዴዎች መርዝ ያጠፋል ብለው ሲሸጡ ይሰማሉ። አያጠፋም። በከብቷ ሆድ ውስጥ የመርዙን የተወሰነ ክፍል አጥምዶ ከእበት ጋር ያስወጣል፤ ስንት እንደሚይዝ በአፈሩ ዓይነት ይወሰናል። ለመኖ የተዘጋጀው ለአንድ ላም በቀን ከ100 እስከ 150 ግራም ከመኖው ጋር ይደባለቃል። በጥቂቱ ለተበከለ መኖ ተጨማሪ መከላከያ አድርገው ቢይዙት እስማማለሁ። ለሻገተ ማዳበሪያ ግን መፍትሔ አድርገው እንዳያዩት አጥብቄ እመክራለሁ። ከጓሮ የተቆፈረ ማንኛውም ጭቃ ደግሞ ቤንቶናይት አይደለም።

ፋጉሎው እንዲህ የሆነው ምናልባት መጋዘንዎ ከመድረሱ በፊት ነው። ኑግ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲታጨድ በደንብ ሳይደርቅ ሊከመር ይችላል። ፍሬው ሲጨመቅ ዘይቱ ይወጣል፣ አፍላቶክሲኑ ግን አብዛኛው ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ከመጭመቂያው የወጣ ፋጉሎ ትኩስ ነው። እንደሞቀ ማዳበሪያ ውስጥ ከገባ እንፋሎቱ ወደ ዳር ሄዶ ይቀዘቅዛል፣ ውኃ ይሆናል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይነሳል። እርስዎ ማዳበሪያውን ሲከፍቱ የተሰማዎት ሙቀት ግን የመጭመቂያው አይደለም፤ የሻጋታው ነው።

ስለዚህ ሲገዙ እጅዎን እስከ ክርንዎ ማዳበሪያው ውስጥ ያስገቡ። ከሞቀ፣ ጓል ካለው፣ ከላብ የተነሳ የውስጡ ግድግዳ ከረጠበ፣ አይግዙ። ለማከማቸት እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች ሊሆን ይገባል። ለእህል የሚያደርጉት የጨው ሙከራ፣ ማለትም ደረቅ ጨውና ናሙና በደረቅ ጠርሙስ አድርጎ መነቅነቅ፣ እዚህ በግማሽ ብቻ ይረዳል። ጨው ከጠርሙሱ ጋር ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወዲያው ይመልሱት። ካልተጣበቀ ግን ከ15 በታች መሆኑን እንጂ ከ10 በታች መሆኑን አይነግርዎትም።

ትኩስ ፋጉሎ ከደረሰዎት በአፈር ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት አስጥተው እያገላበጡ ያቀዝቅዙት፣ ከዚያ ይሙሉት። ማዳበሪያዎቹ ከወለሉ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቀው ይደርደሩ። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ደረቅ ፋጉሎም እርጥበት ይስባል። እንደ እኔ አስተያየት በሐምሌ ስምንት ኩንታል መግዛት አያስፈልግም ነበር። አራት ላም በቀን ሦስት ሦስት ኪሎ ከበሉ 12 ኪሎ ነው፤ ስምንት ኩንታል ከሁለት ወር በላይ ይቆያል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሁለት ሦስት ሳምንቱን ብቻ ይግዙ፣ ቀድሞ የገባውንም ቀድመው ይጨርሱ። አየር የማያስገባው የፒክስ ከረጢት ይረዳል፣ ውስጡ የሚገባው በደንብ የደረቀ ከሆነ ብቻ። እርጥቡን ከቋጠሩበት ይበላሽብዎታል።

የሻገቱትን ሁለቱን ሲያወጡ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። በጥቂት ውኃ አርጥበው ከእበትና ከገለባ ጋር በኮምፖስት ጉድጓድ ይቅበሩት። ጉድጓዱ ዶሮዎችዎ ጭረው የማይደርሱበት ቦታ ይሁን። ማዳበሪያዎቹን ለሚቀጥለው መኖ አይጠቀሙባቸው፤ ርብራቡንም ጠርገውና ፀሐይ አሙቀውት ይመልሱ።