መልስ፦ ስብሰባ ላይ «ቆንጅዬ» ለሚልሽ ባልደረባ

እህቴ፣ «ባልደረባዬ ስብሰባ ላይ ‹ቆንጅዬ› ይለኛል፣ ቃለ ጉባኤም ሁሌ እኔን ያስይዘኛል፤ ብናገር አኩራፊ እባላለሁ» ብለሻል። አላካበድሽም። ያበሳጫል።

እዚያው፣ በአጭሩ ተናገሪ። «በስሜ ጥራኝ» ይበቃል። ፈገግታ አትጨምሪበት፣ ማብራሪያም አትስጪ። ማብራራት ከጀመርሽ ወሬው ስለ አንቺ ጠባይ ይሆናል። «ስቀልድ እኮ ነው» ካለሽ፣ «ቀልዱ ምኑ ላይ ነው?» በይውና ዝም በይ። እሱ ያስረዳ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይንተባተባሉ።

ቃለ ጉባኤውን ደግሞ «ባለፈው እኔ ይዣለሁ፣ ዛሬ ተራው የማን ነው?» ብለሽ ለሁሉም ጠይቂ።

ካላቆመ ቀኑን፣ ያለውን ቃል በቃል፣ ማን እንደሰማ በራስሽ ማስታወሻ ያዢ፤ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ግን አይሁን። አለቃሽ ጋ ስትገቢ «ይንቀኛል» ከማለት ይህን ማሳየት በጣም ይሻላል። «አንዴ ብቻ ነው» ብለው እንዳያልፉትም እወቂ፦ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው፣ በሥራ ዓለም ጥቃትንና ትንኮሳን የሚከለክለው 190ኛ ስምምነት አንድ ጊዜ የተፈጸመንም ትንኮሳ ይጨምራል።

እጁን ካሳረፈብሽ ወይም ከዛተብሽ ግን ይህን ሁሉ አትጠብቂ። በዚያው ቀን በጽሑፍ አመልክቺ፣ ቅጂውንም ለራስሽ አስቀሪ።