የአንባቢያን ጥያቄ፦ አሮጌዋ መኪናዬ በሊትር ስንት እንደምትሄድ እየነዳሁ እንዴት ልወቅ?

ጥያቄ፦ 1600 ሲሲ ሞተር ያላትን አሮጌ የቮልስዋገን ኮምቢ (ሚኒባስ)፣ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና 60 ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር ገጥሜላት የመንገድ ቤት አድርጌያታለሁ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር፣ አንዳንዴም እስከ ባቢሌ እወጣባታለሁ። ነዳጅ እንደምትበላ የማውቀው ሰርባትዮው ጎድሎ ሳገኘው ብቻ ነው። ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያላት መኪና እየተነዳች ፍጆታዋን መከታተል ይቻላል?
(ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ይቻላል። ግን ሊትሩን የሚነግርዎት አንድ ነገር ነው፣ እግርዎ ነዳጅ መስጫው ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚነግርዎት ሌላ። ሁለቱን አያምታቱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከሊትሩ እንጀምር። ለዚህ ከሙሉ እስከ ሙሉ ከመለካት የሚበልጥ ዘዴ የለም። ማደያ ገብተው ይሙሉ፣ የቀጂው እጀታ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ሲያቆም ይብቃዎት፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይጻፉ። ሲመለሱ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ፣ መኪናዋን በዚያው አቅጣጫ አቁመው እንደገና ይሙሉ። መኪናዋ ትንሽ እንኳ ብትጋደል በሰርባትዮው አናት ላይ አየር ታፍኖ ይቀራል፤ የአንድ ሊትር ስህተት ከዚህ ብቻ ሊመጣ ይችላል። አምስት ሊትር ብቻ ቀድተው ከለኩ ያቺ አንድ ሊትር ውጤትዎን 20 በመቶ ታዛባለች። 30 ሊትር ሲቀዱ ግን ከ4 በመቶ አትበልጥም። ስለዚህ ከ25 ሊትር በታች አይለኩ።

ቆጣሪውንም አይመኑት። ከፋብሪካው የተለየ መጠን ያለው ጎማ ከገባ ይዋሻል። ስልክዎ ላይ ባለው ጂፒኤስ አንድ ጊዜ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ያመሳክሩ። ቆጣሪው 50 ሲል ጂፒኤሱ 47 ካለ፣ ከዚያ በኋላ የሚያነቡትን ሁሉ በ0.94 ያባዙ።

ደርሶ መልሱን ሲያሰሉ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ሐረር ሲወጡ በሊትር 5፣ ሲመለሱ በሊትር 11 ሄደች እንበል። አማካዩ 8 ነው ብለው እንዳይጽፉ። መንገዱን 55 ኪሎ ሜትር ብንወስድ መውጫው 11 ሊትር ጠጥቷል፣ መውረጃው 5። 110 ኪሎ ሜትር ለ16 ሊትር ሲካፈል 6.9 ነው። ሁልጊዜ ጠቅላላ ኪሎ ሜትርን ለጠቅላላ ሊትር ያካፍሉ።

ዳገቱንም ይወቁት። ከድሬዳዋ ደንገጎ ድረስ ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሰውና ዕቃ ጭና ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና ለመውጣቱ ብቻ ሁለት ሊትር ያህል ቤንዚን ታቃጥላለች፤ ይህን የትኛውም ጋራዥ አያስቀርልዎትም። በዚሁ ስሌት የውሃ ታንከርዎ ሞልቶ ሲወጣ የሚጨምረው የአንድ ሊትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ታንከሩን ለማራገፍ አይድከሙ፤ ጧት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ጎማዎቹ ቀዝቃዛ ሳሉ፣ ጎሚስታ ጋ ንፋሱን ማስለካት የበለጠ ይጠቅማል።

አሁን እግርዎን የሚያሳየውን መሣሪያ እንይ፦ የቫኪዩም ጌጅ። ዋጋው ከሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ ይቀላል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ከቤንዚኑ ጋርም አይነካካም። የሚለካው ከካርቡሬተሩ በታች፣ በአየር ማስገቢያው ቧንቧ፣ ማለትም በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የመሳብ ኃይል ነው። ነዳጅ በሰጡ ቁጥር የካርቡሬተሩ ክብ ክዳን ይከፈታል፣ መሳቡ ይቀንሳል፣ ቀስቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። እግርዎን ሲያነሱ ቀስቱ ይወጣል።

ለመግጠም ከ0 እስከ 30 ኢንች (የሜርኩሪ ኢንች) የሚያነብ ጌጅ፣ የማይጨማደድ ወፍራም የጎማ ቱቦ፣ ሁለት ፋሸታና አንዲት ጡት መሰል ነሐስ ይበቃሉ። የኮምቢ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ቱቦው አምስት ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በካርቡሬተሩ ጎን ወደ ዲስትሪቢዩተሩ (የእሳት ብልጭታውን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው) በምትሄደዋ ቀጭን ቱቦ ላይ አይቀጥሉት። እሷ የምትስበው ከክዳኑ በላይ ስለሆነ በሚኒሞ (መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት ሲሠራ) ጊዜ ጌጁ ዜሮ ይላል። በዚያ ላይ አየር ካስገባች ዲስትሪቢዩተሩ ታይሚንጉን (ብልጭታው የሚመጣበትን ጊዜ) ማስቀደም ያቅተዋል፤ ፍጆታ ልለካ ብለው ፍጆታ ይጨምራሉ። ከፍሬን ሰርቮ (የፍሬን ፔዳሉን ከሚያግዘው ዕቃ) ቱቦ ላይም አይቅጠሉ፣ ቱቦው ቢወልቅ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆንብዎታል። ማኒፎልዱ ላይ ዝግጁ ቀዳዳ ከሌለ ማኒፎልዱን አስወልቀው በጋራዥ ያስበሱትና ጥርስ ያስወጡለት። ሞተሩ ላይ እንዳለ የሚበሳ ሰው ካጋጠመዎት ይከልክሉት፣ የብረቱ ብናኝ በቀጥታ ወደ ቫልቭና ሲሊንደር ይገባል። ቀስቱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቱቦው ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላት ማጥበቢያ ይክተቱበት፤ ይረጋጋል።

አነባበቡ ላይ ግን ልብ ይበሉ። አንዳንድ ጌጅ ላይ አረንጓዴና ቀይ ቀለም ተቀብቶ «ቁጠባ» የሚል ይጻፍበታል። ቀለሙ የተቀባው ለባሕር ጠረፍ አገር ስለሆነ ለድሬዳዋም ለሐረርም አይሆንም፤ ቁጥሩን ብቻ ያንብቡ። ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነፋስ በሌለበት ጧት በአራተኛ ማርሽ በ50፣ በ60፣ በ70 እና በ80 ፍጥነት ቀስቱ የት እንደሚቆም ይመዝግቡ። ኮምቢ ፊቷ ግድግዳ ነው፣ የአየሩ ግፊት ከፍጥነቱ ይልቅ በጣም ቶሎ ያድጋል። ከ70 በኋላ ቀስቱ እንዴት እንደሚወድቅ ራስዎ ያዩታል። ያ ማስታወሻ የራስዎ መኪና ሚዛን ነው። ከሁለት ወር በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ሁለት ኢንች ወርዶ ካገኙት የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው፦ የተያዘ ፍሬን፣ ንፋስ ያነሰው ጎማ ወይም የተዛባ ታይሚንግ። ሰርባትዮው ሳይነግርዎት ቀድመው ይደርሱበታል።

ሁለት ንባብ የሚያወዳድሩት በአንድ ማርሽ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ዳገት ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይሩ ቀስቱ ከፍ ይላል፤ ነዳጅ ቆጠብኩ ማለት ግን አይደለም፣ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ብዙ ጊዜ ይጠጣል። በሌላ በኩል በትልቅ ማርሽ እያቃሰተች ፔዳሉን እስከ ወለሉ ከረገጡት ቀስቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ያኔ ካርቡሬተሩ ለኃይል ሲል ቤንዚኑን ያበዛል፣ የኮምቢ ማቀዝቀዣ ፋንም ከሞተሩ ዙር ጋር ስለሚሄድ ዙሩ ዝቅ ሲል ይደክማል፣ ሞተሩ ይግላል። ለደንገጎ የምንመክረው ቀስቱ ከ3 ወይም ከ4 ኢንች እንዳይወርድ አድርጎ መውጣት ነው። ሊወርድ ሲል ማርሽ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ፔጆ 404 ታክሲ አለኝ። ድሬዳዋ ያለ መካኒክ ጌጅ ገጥሞልኝ በሚኒሞ 16 ኢንች አነበበ። ሐረር ስደርስ 14 ሆነ። ሞተሩ ሊወድቅ ነው? ካንዴላውም ጥቁር ነው።
(ከሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ ሞተርዎ ደህና ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ንባቡ አንድ ኢንች ያህል ይወርዳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,885 ላይ፤ ልዩነቱ ሁለት ኢንች ይመጣል፣ እርስዎም ያገኙት እሱን ነው። በባሕር ጠረፍ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 22 ያነባል፤ ለድሬዳዋ ከ13 እስከ 18፣ ለሐረር ከ11 እስከ 16 ብለው ይያዙት። የሚያሳስበው የቀስቱ ጠባይ ነው። እንደ ልብ ትርታ በየጊዜው ዘንበል ካለ አንድ ቫልቭ አይገጥምም። ሳይንቀሳቀስ ሦስት ኢንች ዝቅ ብሎ ከቆመ ታይሚንጉ ዘግይቷል። ከዚያም በታች ከሆነ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል።

የካንዴላው ጥቁረት ግን እውነተኛ ጉዳይ ነው። ካርቡሬተር አየሩን በስፋቱ እንጂ በክብደቱ አያውቀውም። ሐረር ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ 9 በመቶ ያህል ቤንዚን ያበዛል። መፍትሔው ዋናው ጂግለር ላይ ነው፤ ቤንዚኑ የሚያልፍባት የነሐስ ቀዳዳ ማለታችን ነው። በሶሌክስ ካርቡሬተር ጂግለር ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት) ነው፦ 130 ማለት 1.30 ሚሊ ሜትር። 130 ካለዎት ለሐረር 125 ይበቃል። በአንድ ጊዜ ወደ 120 አይውረዱ፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ግሎ ቫልቭ ያቃጥላል። ቀይረው 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ካንዴላውን ይፍቱት። ማኪያቶ ከመሰለ ልክ ነው፣ ነጭ ከሆነ ወደ ቀድሞው ይመለሱ።

ከዚያ በፊት ግን ሌሎች ሦስት ነገሮች ይታዩ፦ የአየር ማጣሪያው መዘጋት፣ ሙሉ በሙሉ የማይከፈት ቾክ (ለማስነሻ አየሩን የሚያጠበው ክዳን) እና በጂግለሩ ውስጥ ሽቦ የከተተ ሰው መኖር አለመኖሩ። የመጨረሻው በሁለቱም ከተሞች የተለመደ ጥፋት ነው። ቆሻሻ ሊያወጡ በብረት ሽቦ ሲጎረጉሩት 1.30 የነበረው 1.35 ይሆናል፤ ለዓይን አይታይም፣ የቀዳዳው ስፋት ግን 8 በመቶ ያህል አድጓል። ጂግለር የሚጸዳው በቤንዚንና በኮምፕረሰር አየር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በስልክ የሚያነብ የፍጆታ መለኪያ ገዝቼ ሶኬቱን የምሰካበት አጣሁ። በቤንዚን ቱቦ ላይ የሚገጠም የፍሰት ቆጣሪ ይሻላል ያሉኝ አሉ።
(ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የስልኩን መለኪያ ይመልሱት። እሱ የሚያነበው ከመኪናዋ ኮምፒውተር ነው፤ የእርስዎ ካርቡሬተር ኮምፒውተር የለውም። የፍሰት ቆጣሪ ይሠራል፣ ግን ሦስት ነገር ይጠብቁ። ከፓምፑና ከፊልትሮው በኋላ፣ ከካርቡሬተሩ በፊት ይገጠም። ወደ ሰርባትዮ የሚመለስ ቱቦ ካለ የተመለሰው ሁሉ እንደተቃጠለ ይቆጠራል፤ በመመለሻው ላይ ሁለተኛ ቆጣሪ ገጥሞ መቀነስ ያስፈልጋል። በድሬዳዋ ቀትር ደግሞ ቤንዚኑ በቱቦ ውስጥ ይተንና አረፋው ራሱ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ከሞተሩ ትኩሳት ያርቁት። ቆጣሪው የሚያሳየው ወደ ካርቡሬተሩ ሳህን (ቤንዚኑ ወደሚጠራቀምበት) የገባውን እንጂ በዚያች ቅጽበት የተቃጠለውን አይደለም፤ ከአምስት ደቂቃ ያነሰ ንባብ አይመኑ።

አደራ፦ ቤንዚን ያለበት ማንኛውም ቱቦ ወደ ተሳፋሪው ክፍል አይግባ። በሃይላንድ ጠርሙስ አንድ ሊትር ቤንዚን ሞልተው፣ ወንበር አጠገብ ሰቅለው የሚለኩ ሰዎች አሉ። አልጋና ምድጃ ባለበት መኪና ውስጥ ይህን ማድረግ በቤተሰብ ላይ እሳት መጥራት ነው።

ጥያቄ፦ ከደንገጎ ስወርድ ሞተር አጥፍቼ ብለቅ ምን ያህል እቆጥባለሁ?
(ከደቻቱ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። 1600 ሲሲ ሞተር በሚኒሞ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። በዚያች ቁጠባ ሰርቮ ላለው መኪና የፍሬን እገዛውን ያጣሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጡ በኋላ ፔዳሉ ይደርቃል። ሞተሩ ስለማይዝ ፍሬኑ ብቻውን ግሎ መያዙን ይተዋል። ቁልፉን ከነቀሉም አንዳንዱ መኪና መሪውን ይቆልፋል። ማርሽ ሳያወጡ ቁልፉን ብቻ አጥፍተው መልሰው ሲያበሩ ደግሞ ማርሚታ ውስጥ የተጠራቀመው ያልተቃጠለ ቤንዚን በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፣ ማርሚታውን ይቀደዋል። ሞተሩ እንደበራ፣ ሽቅብ በወጡበት ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ ይውረዱ።

ጥያቄ፦ ቀትር ላይ ግማሽ ሰዓት አቁሜ ስመለስ መኪናዋ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ለመነሳትም እንቢ ትላለች። ይህም ከፍጆታ ይቆጠራል?
(ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ይቆጠራል። ሞተሩ ሲቆም ትኩሳቱ ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣና በሳህኑ ያለው ቤንዚን ፈልቶ ወደ ማኒፎልዱ ይፈስሳል። በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ መካከል የባኬላይት ማገጃ ከነሁለት ጓርኒሲዮኑ ያስገቡ፣ የቤንዚን ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ያርቁ። ጥላ ፈልገው ያቁሙ፣ ሲያቆሙም ኮፈኑን ለጥቂት ደቂቃ ከፍተው ይተዉት። ሲያስነሱ ፔዳሉን ደጋግመው አይምቱ፣ በየምቱ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። እስከ ወለሉ ረግጠው ይዘው ያስነሱ፤ እንደተነሳች ቀስ ብለው ይልቀቁ።